ያለ ቃል የሚጠየቅ አእምሮ፦ የእይታና የቦታ ትውስታ ምርመራ ታሪክ

አንድ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተነደፈውን ምስል ወደ ደብተሩ በሚገለብጥበት ጊዜ ዓይኑን ከሰሌዳው አንሥቶ እርሳሱን በወረቀቱ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ያለው ጊዜ ከጥቂት ሴኮንዶች አይበልጥም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ምስሉ በዓይኑ ፊት የለም፤ በወረቀቱም ላይ ገና አልሰፈረም። ያለው በአእምሮው ውስጥ ብቻ ነው። ተማሪው ምስሉን ዝም ብሎ ይዞት አይቆይም፤ ይሠራበታል። ከደብተሩ ስፋት ጋር ያስማማዋል፤ ያሳንሰዋል፤ የትኛው ጎን ቀድሞ እንደሚሰመር ይወስናል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንድን ነገር ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ በዚያው ላይ ሥራ የሚያካሂደውን የአእምሮ ችሎታ የሥራ ትውስታ ብለው ይጠሩታል። ይህ ችሎታ አንድ ወጥ አለመሆኑ፣ በቃል የሚሠራው ወገን ሌላ፣ በእይታና በቦታ የሚሠራውም ወገን ሌላ መሆኑ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። የመዘግየቱ ታሪክ ለመምህራን ከግኝቱ ያላነሰ ቁም ነገር አለው።

የቃል ዘመን

ትውስታን መለካት የተጀመረው በቃል ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መሠረተኛ ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሳቸው በቃላቸው እያጠኑና መርሳታቸውን እየመዘገቡ ያከናወኑት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ጄኮብስ በለንደን ለልጃገረድ ተማሪዎች ቁጥር እየጠሩ በማስደገም አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሰምቶ ሳይሳሳት የሚደግመው እስከ ስንት እንደ ሆነ መረመሩ። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 በፓሪስ ያዘጋጁት የታወቀ ፈተናም፣ ምስልን አይቶ ከትውስታ መንደፍን የሚጠይቅ ክፍል በውስጡ ቢኖረውም፣ አብዛኛው በአፍ ተጠይቆ በአፍ የሚመለስ ነበር። ቁጥር ማስደገም ቀላል፣ ርካሽና ለማረም የማያስቸግር በመሆኑ ቀስ በቀስ የትውስታ መለኪያ ከመሆን አልፎ ትውስታው ራሱ መስሎ ታየ።

ወደ ሌላው ወገን ያመለከተ ሰው ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1880 ባወጡት ጥናት ሰዎች በዕለቱ ጧት የተቀመጡበትን የቁርስ ገበታ በሐሳባቸው እንዲያዩና ምስሉ የጠራ ወይም የደበዘዘ፣ ቀለም ያለው ወይም የሌለው መሆኑን እንዲገልጹ ጠየቁ። ጋልተን እንደ ጻፉት ከተጠየቁት የሳይንስ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ምስል በአእምሯቸው እንደማይመጣ ተናገሩ፤ እንዲያውም ሌላው ሰው ይመጣልኛል ማለቱ እንግዳ ሆነባቸው። ይህን ድምዳሜ በኋላ የመረመሩ ሰዎች አልተቀበሉትም። የአሠራሩ ደካማነት ግን ከዚያ በፊት ግልጽ ነበር፤ አንድ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ሌላ ሰው ሊያመሳክረው አይችልም። በ1913 ጆን ዋትሰን ሥነ ልቡና በውጭ የሚታየውን አድራጎት ብቻ ያጥና ብለው በተነሡ ጊዜ የውስጥ ምስል ጉዳይ በተለይ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ከምርመራ ጠረጴዛ ላይ ተነሣ።

ስለዚህ የእይታና የቦታ ትውስታ ልኬት የመጣው ከጠቢባን ክርክር አይደለም። የመጣው ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ፊት ለፊት ከተገናኙበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

በኤሊስ ደሴት

በኒው ዮርክ ወደብ የምትገኘው ኤሊስ ደሴት ወደ አሜሪካ የሚፈልሱ ሰዎች የሚመረመሩባት ቦታ ነበረች። በ1907 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በእርሷ በኩል አልፈዋል። የ1882ና የ1907 ሕጎች የአእምሮ ጉድለት ያለበት ሰው ወደ አገሩ እንዳይገባ ይከለክሉ ስለ ነበር፣ ጉድለት አለበት ተብሎ የተጠረጠረ ስደተኛ ለተጨማሪ ምርመራ ተለይቶ ይቆይ ነበር። በዚያ ምርመራ የወደቀ ሰው የሚጠብቀው ውቅያኖሱን ተሻግሮ ወደ መጣበት መመለስ ነው። ልጅ ከወላጅ፣ ባል ከሚስት ሊለይ ይችላል። ፈታኙ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ተፈታኙ ደግሞ የሲሲሊ ገበሬ ወይም ከሩሲያ የመጣ አይሁዳዊ የልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለው አስተርጓሚ ብቻ ነው።

የቢኔን ፈተና ወደ አሜሪካ ያስገቡት ሄንሪ ጎዳርድ ረዳቶቻቸውን ወደ ደሴቲቱ ልከው ከአይሁድ፣ ከሃንጋሪያን፣ ከጣሊያኖችና ከሩሲያውያን መካከል የተመረጡ ጥቂት ስደተኞችን አስፈተኑ። በ1917 ያወጡት ውጤት ከየወገኑ ከአምስቱ አራቱ ያህል የአእምሮ ድካም ያለባቸው ናቸው የሚል ነበር። ከአምስት ሰው አራቱን ደካማ ነው የሚል መለኪያ ስለ ተለካው ሰው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ራሱ የሚናገረው ይበልጣል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ይህን ያስተዋሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ካስተዋሉት አንዱ በ1912 በደሴቲቱ ሥራ የጀመሩት ሐኪም ሃዋርድ ኖክስ ናቸው። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው የትምህርት ቤት ጥያቄ አለመመለሱ የአእምሮ ጉድለቱን አያሳይም የሚል አቋም ስለ ነበራቸው፣ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ንግግር የማይጠይቁ ፈተናዎች ማዘጋጀት ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል ዝነኛ የሆነው እጅግ ቀላል ነበር። አራት ትናንሽ ኩቦች በአንድ መስመር ተራርቀው በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪሙ አምስተኛ ኩብ በእጁ ይዞ አራቱን በየተራ መታ መታ ያደርግና ኩቡን ለተፈታኙ ይሰጠዋል። ተፈታኙ ያየውን መድገም አለበት። መጀመሪያ ከአንደኛው እስከ አራተኛው በተራ ይመታል፤ ከዚያ ተራው እየተዛባ ምቱም እየበዛ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ስድስት ምት ነበረው። ለማስረዳት ቃል አያስፈልግም፤ እጅና ዓይን ይበቃሉ። ኖክስ ይህንና መሰሎቹን ፈተናዎች በ1914 በታተመ ጽሑፍ ይፋ አደረጉ።

ኖክስን የስደተኛ ጠበቃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። የተቀጠሩት ለማጣራት ነበር፤ ማጣራቱንም በመሠረቱ አልተቃወሙም። የእርሳቸው ፈተናም ሰው ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን መመለስም ይችል ነበር። ሆኖም አንድ ሰው የማያውቀው ቋንቋ ሳይጋርደው አእምሮው ሊጠየቅ እንደሚችል በተግባር ማሳየታቸው ከሥራቸው ዓላማ አልፎ የሚሄድ ውጤት አስገኘ። እርሳቸው በ1916 ደሴቲቱን ከለቀቁ በኋላ ኩቦቹ ወደ ሌሎች እጆች ተላለፉ። ሩዶልፍ ፒንትነርና ዶናልድ ፓተርሰን በ1917 ባወጡት የተግባር መለኪያ ውስጥ ገብተው መስማት የተሳናቸውንና ቋንቋውን የማያውቁ ልጆችን ለመመርመር አገለገሉ።

ነገር ግን ኩቦቹ የሚለኩት ምንን ነው? ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ጥያቄው ሁነኛ መልስ አላገኘም። አንዱ ትኩረት ነው ሲል፣ ሌላው መኮረጅ ነው፣ ሌላውም ጠቅላላ የማሰብ ችሎታ ነው ይል ነበር። የአሠራሩም ጉድለት መልሱን አደብዝዞታል። ኩቦቹ አራት ብቻ በመሆናቸውና በአንድ መስመር በመደርደራቸው ተፈታኙ በሆዱ፣ በራሱ ቋንቋ፣ «አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት» እያለ ሊቆጥራቸው ይችላል። ከደጅ የተባረረው ቃል በጓሮ በር ተመልሶ ይገባ ነበር።

ዘጠኙ ጥርቦች

ይህ የጓሮ በር የተዘጋው በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ነው። በዚያ የሚገኘው የነርቭ ጥናት ተቋም በመድኃኒት ያልዳነ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከጆሮ በላይ በጎን በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል በከፊል ቆርጦ በማውጣት ያክም ነበር። ብሬንዳ ሚልነር በተቋሙ እነዚህን ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ በመመርመር የትውስታን ጥናት መልክ የቀየሩ ሊቅ ናቸው። በ1957 ከቀዶ ሐኪሙ ከዊልያም ስኮቪል ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ በ1953 የሁለቱም ወገን የሂፖካምፐስ አካባቢ ስለ ተቆረጠለትና ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ለማስታወስ ስለ ተሳነው ሰው ነበር። ያ ሰው ጥቂት ቁጥሮችን ሰምቶ ወዲያው መድገም አልተሳነውም፤ ነገሩ ከአሳቡ አንዴ ከወጣ ግን አይመለስም ነበር። በዚህም ለጥቂት ሴኮንዶች መያዝና ለዘለቄታው መማር የተለያዩ መሆናቸው ታየ።

የሚልነር ተማሪ ፊሊፕ ኮርሲ በ1972 ለማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት አዲስ ጥያቄ አነሡ። የቀኝና የግራ የአንጎል ወገን የሚይዙት ትውስታ አንድ ዓይነት ነውን? ለዚህ ቃልን የማያስጠጋ መለኪያ አስፈለጋቸው። ያዘጋጁት ሰሌዳ ላይ ዘጠኝ ጥርብ እንጨቶች ያለ አንዳች ሥርዓት ተበታትነው ተለጥፈዋል። በጥርቦቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለፈታኙ እንጂ ለተፈታኙ አይታይም። ፈታኙ ጥርቦቹን በጣቱ እያከታተለ ይነካል፤ ተፈታኙም በዚያው ተራ ይነካል፤ ትክክል በሠራ ቁጥር ተራው በአንድ ጥርብ ይረዝማል። ኖክስ ካደረጉት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ወሳኝ ነው። ተበታትኖ የተቀመጠ ጥርብ ስም የለውም፤ «ሦስተኛው» ወይም «የመጨረሻው» ሊባል አይችልም። ሊያዝ የሚችለው በቦታው ብቻ ነው። ጤናማ ዐዋቂ ሰው በዚህ መንገድ የሚይዘው ከ5 እስከ 6 ጥርብ ያህል ሲሆን፣ በጆሮው ሰምቶ የሚደግመው ቁጥር ግን ወደ 7 ይጠጋል።

ኮርሲ በዚህ አላበቁም። ከሰው ወዲያውኑ የመያዝ ዐቅም በአንድ የሚበልጥ ተራ እያቀረቡ፣ ለተፈታኙ ሳይነግሩ በየሦስተኛው ሙከራ ያንኑ ተራ ደጋገሙት። ጤናማ ሰው ይህን የሚደጋገም ተራ ሳይታወቀው ቀስ በቀስ ይማረዋል። በግራ ወገን የተቆረጠላቸው ሕሙማን የተደጋገመውን የቁጥር ተራ ለመማር ተቸገሩ፤ የጥርቦቹን ግን ተማሩ። በቀኝ ወገን የተቆረጠላቸው የቁጥሩን ተምረው የጥርቦቹን ሳቱ። ችግሩም ከሂፖካምፐስ ብዙ በተቆረጠ መጠን የከፋ ነበር። ሁለት ሕሙማን ወገኖች ተቃራኒ ጉድለት ሲያሳዩ አንዱ ፈተና ከሌላው ስለ ከበደ ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም። የቃልና የቦታ ትውስታ በአንጎል ውስጥ የየራሳቸው ማደሪያ እንዳላቸው ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ጥናቱ ራሱ በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም የቀረ ሲሆን፣ ሰሌዳው ግን ሚልነር በ1971 ባወጡት ጽሑፍ በኩል ታውቆ በብዙ አገር ክሊኒኮች የዕለት መሣሪያ ሆነ።

ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ

በጤናማ ሰው ላይስ ይህ መለያየት እንዴት ይታያል? መልሱ የተገኘው ሰውን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ በማሠራት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ መጥረቢያ ቢሻሙ ሁለቱም ይዘገያሉ፤ አንዱ መጥረቢያ ሌላው ማጭድ ቢይዝ ግን አይጋጩም። ካናዳዊው ሊ ብሩክስ በ1968 ያሳተሙት ሙከራ በዚህ ዘዴ የተመሠረተ ነው። ተፈታኙ ወፍራም ሆኖ በጠርዝ የተነደፈ የላቲን ፊደል፣ ለምሳሌ ኤፍን፣ በሐሳቡ ይዞ ዙሪያውን እየዞረ እያንዳንዱ ማዕዘን በፊደሉ ጫፍ ወይም ግርጌ ላይ ከሆነ «አዎን»፣ ካልሆነ «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። መልሱን በአፉ ሲናገር ሥራው ይቀለዋል። በወረቀት ላይ ተበታትነው ከተጻፉት የ«አዎን»ና የ«አይደለም» ምልክቶች ተገቢውን በጣቱ እንዲያመለክት ሲታዘዝ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ጊዜ ይፈጅበታል። በሐሳቡ የያዘው ዓረፍተ ነገር ሆኖ እያንዳንዱ ቃል ስም መሆን አለመሆኑን ሲጠየቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን የሚያዘገየው መናገሩ ነው እንጂ ማመልከቱ አይደለም።

በ1974 እንግሊዛውያኑ አለን ባድሌና ግራሃም ሂች እነዚህን የተበታተኑ ግኝቶች በአንድ ሐሳብ ሰበሰቡ። እንደ እነርሱ አባባል የሥራ ትውስታ ትኩረትን የሚያከፋፍል ማዕከላዊ አዛዥና ሁለት ረዳቶች አሉት። አንደኛው ረዳት ድምፅን እየደጋገመ የሚይዝ የድምፅ ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው ምስልንና ቦታን የሚይዝ የንድፍ ሰሌዳ ነው። ባድሌ ስለ ሁለተኛው ረዳት ሲያስረዱ የሚጠቅሱት የራሳቸው ገጠመኝ አለ። በአሜሪካ መኪና እየነዱ የእግር ኳስ ጨዋታ (የአሜሪካኑን ዓይነት) በሬዲዮ ይከታተሉ ነበር። ሜዳውንና የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ በሐሳባቸው እየሣሉ ሲያዳምጡ መኪናቸው ከመስመሩ እየወጣ መዋለል ጀመረ። ሬዲዮኑን ወደ ሙዚቃ ሲያዞሩት መኪናው ቀጥ አለ። እጅና ዓይን መንገዱን የሚመሩበትና ሐሳብ ሜዳውን የሚሥልበት መሣሪያ አንድ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህ መሣሪያ የዓይን ነው ወይስ የቦታ የሚል ነበር። ባድሌና ሊበርማን በ1980 ባወጡት ሙከራ የተፈታኞቹን ዓይን ሸፍነው በእጃቸው በያዙት የባትሪ መብራት የሚወዛወዝ ፔንዱለም እንዲከተሉ አደረጉ፤ መብራቱ ፔንዱለሙን ሲያገኘው የሚሰማው ድምፅ ስለሚለወጥ ተፈታኞቹ የሚመሩት በጆሯቸው ነበር። ምንም ሳያዩ የሚያደርጉት ይህ ክትትል በሐሳብ የተያዘን የቦታ ሥራ ክፉኛ አወከ። በአንጻሩ እያዩ የብርሃንን ድምቀትና ድክመት መለየት ያን ያህል አላወከውም። ስለዚህ በዚያ ሥራ ዋናው ጉዳይ ዓይን ሳይሆን ቦታ ነበር።

ሆኖም የምስል ጉዳይ በዚህ አልተዘጋም። ሮበርት ሎጊ ባደረጓቸው ሙከራዎች ተፈታኙ ትኩረት ሳይሰጣቸው በፊቱ የሚያልፉ ሥዕሎች ብቻ በምስል የተያዘን ነገር እንደሚያውኩ አሳዩ፤ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍም የንድፍ ሰሌዳው ራሱ ሁለት ክፍል አለው አሉ። አንደኛው ቅርጽንና ቀለምን የሚያኖር የእይታ ጎተራ ነው፤ ሁለተኛው እንቅስቃሴንና ተራን የሚመዘግብ የውስጥ ጸሐፊ ነው። በ1999 ሰርጂዮ ዴላ ሳላና ባልደረቦቻቸው ይህን መለያየት ይበልጥ አጠናከሩት። በጥቁርና ነጭ ካሬዎች የተሞላን ሰንጠረዥ አይቶ መያዝ በመካከል ሥዕል በማየት ይበላሻል፤ የኮርሲን ጥርቦች ተራ መያዝ ደግሞ በመካከል እጅን በማንቀሳቀስ ይበላሻል። በኖክስ ጊዜ አንድ የመሰለው የማየት ትውስታ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ዐቅሙስ? ስቲቨን ላክና ኤድዋርድ ቮገል በ1997 ባወጡት ጥናት ሰው በቅጽበት ካያቸው ባለ ቀለም ካሬዎች በትክክል የሚይዘው ከ3 እስከ 4 የሚሆኑትን ነው። ዐቅሙ የተወሰኑ ሣጥኖች ያሉት ነው የሚሉና እንደ ዱቄት ለብዙ ሲከፈል እየሳሳ የሚሄድ ነው የሚሉ ወገኖች ከዚያ ወዲህ ተከራክረዋል። ለመምህሩ ግን የሁለቱም ክርክር አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ዐቅሙ እጅግ ጠባብ ነው።

የበረሃው ልጆች

እስከዚህ የተጠቀሱት ተፈታኞች አብዛኞቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ያደጉ ናቸው። በአውስትራሊያ ጁዲት ኪርንስ በ1981 ያሳተሙት ጥናት ከምዕራቡ በረሃ የመጡ የነባር ሕዝብ ልጆችን ከነጭ አውስትራሊያውያን ልጆች ጋር አነጻጸረ። በጊዜው በትምህርት ቤት ፈተናዎች የነባሩ ሕዝብ ልጆች ውጤት ዝቅተኛ ስለ ነበር ብዙዎች ምክንያቱን በልጆቹ አእምሮ ውስጥ ይፈልጉ ነበር። ኪርንስ ግን በበረሃ ለሚኖር ሕዝብ ሕልውና የሚሆነው ምን ዓይነት ችሎታ ነው ብለው ጀመሩ። ምልክት በሌለው በሚመስል ሜዳ ውኃ ያለበትን ቦታ ማግኘትና ወደ ሰፈር መመለስ የሚቻለው የነገሮችን አቀማመጥ በዓይን በመያዝ ነው። ስለዚህ ዕቃዎችን በሰንጠረዥ ደርድረው ለ30 ሴኮንድ ካሳዩ በኋላ ከምረው ልጆቹ እንደ ነበሩ መልሰው እንዲያስቀምጧቸው ጠየቁ። አንዳንዱ ሰንጠረዥ ስም ያላቸውና የተለያዩ ዕቃዎች የያዘ ሲሆን፣ ሌላው ግን እርስ በርሳቸው በሚመሳሰሉ፣ ለምሳሌ በድንጋዮች ብቻ የተሞላ ነበር።

የበረሃው ልጆች በሁሉም በለጡ። አደራረጋቸውም የተለየ ነበር። ነጮቹ ልጆች እየተቁነጠነጡ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የዕቃዎቹን ስም ይደጋግሙ ነበር፤ ዕቃው ስም ሲያጣ ግን ዘዴያቸው ከዳቸው። የበረሃው ልጆች ጸጥ ብለው ያዩ ነበር፤ እንዴት እንደ ያዙት ሲጠየቁም መልካቸውን አስታወስን ይሉ ነበር። ስም ኖረው አልኖረው ለእነርሱ ልዩነቱ ትንሽ ነበር።

ይህ ጥናት የኖክስን ታሪክ ከሁለት ወገን ያርማል። ያለ ቃል የሚደረግ ፈተና ቋንቋ የጋረደውን ችሎታ እንደሚገልጥ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ፈተና ከአስተዳደግ ነጻ ነው የሚለውን ተስፋም አፍርሷል፤ ማየትም እንደ መናገር በኑሮ የሚሠለጥን ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት በኢትዮጵያ፣ በቤቱ የሚናገረው ሌላ ሆኖ በሌላ ቋንቋ የሚማር ሕፃን በመኖሩ፣ ጉዳዩ ለመምህሩ የሩቅ አገር ወሬ አይሆንበትም። ቃል ያጠረው ልጅ ሐሳብ አጠረው ለማለት መቸኮል በኤሊስ ደሴት የተሠራውን ስሕተት መድገም ነው።

ከሰሌዳው ፊት

ከዚህ ሁሉ ምርምር ወደ መማሪያ ክፍል የተወሰደው ትምህርት ግን ሁልጊዜ ትክክለኛው አልነበረም። አንዱ በሰፊው የተሰራጨ አስተሳሰብ ልጆችን «በዓይን የሚማሩ»ና «በጆሮ የሚማሩ» ብሎ ይከፍላል። ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባደረጉት ግምገማ ልጆችን በዚህ ዓይነት መድቦ ማስተማር ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የኮርሲና የብሩክስ ግኝትም ይህን አይልም። እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱም መሣሪያ አለው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሥራው የሚጠይቀው የትኛውን ነው ከሚለው ነው። ሌላው አስተሳሰብ የሥራ ትውስታን በልምምድ ማስፋት ይቻላል የሚለው ነበር። ሞኒካ ሜልቢ ሌርቫግና ቻርልስ ሂዩም በ2013 ጥናቶቹን ሰብስበው ሲመረምሩ ልምምዱ በራሱ በሚለማመዱበት ጨዋታ ላይ ብልጫ ቢያስገኝም ወደ ንባብና ወደ ሒሳብ የሚሻገር አለመሆኑን አዩ።

ጠባብ የሆነውን ዐቅም ማስፋት ካልተቻለ የሚቀረው አለማባከን ነው። በዚህ በኩል ጠቃሚ ሥራ የሠሩት በሲድኒ ከተማ የነበሩት ጆን ስዌለርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፖል ቻንድለርና ስዌለር በ1991ና በ1992 ባሳተሟቸው ጥናቶች ንድፍ በአንድ ቦታ፣ ማብራሪያው በሌላ ቦታ ሲጻፍ ተማሪው አንዱን በሐሳቡ ይዞ ሌላውን ለመፈለግ እንደሚገደድ፣ ጉልበቱም በትምህርቱ ሳይሆን በፍለጋው እንደሚያልቅ አሳዩ። ማብራሪያው በንድፉ ላይ፣ ከሚያብራራው መስመር አጠገብ ሲጻፍ ትምህርቱ ይቀላል። በኢትዮጵያ የፊደል ገበታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በረድፍና በዓምድ የተሠራ ሰንጠረዥ ስለ ሆነ ልጁ የፊደሉን ድምፅ ከነቦታው፣ በጣቱ እየነካ ይይዘዋል፤ ድምፁና ቅርጹ አይራራቁበትም። የኔታ ልጁን ወደ ጎንም ወደ ታችም ማስነበባቸው በዜማው ብቻ እንዳይሄድና ዓይኑም እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።

በ1995 ሰይድ ሙሳቪ፣ ሬናይ ሎውና ስዌለር ከዚህ አንድ እርምጃ ሄዱ። የጂኦሜትሪ ንድፍ እያዩ ማብራሪያውን በጽሑፍ ያነበቡ ተማሪዎችን ያንኑ ማብራሪያ በድምፅ ከሰሙት ጋር አነጻጸሩ። የሰሙት በለጡ። ምክንያቱ በብሩክስ ሙከራ ውስጥ የነበረው ነው። ንድፍንና ጽሑፍን ባንድ ጊዜ ማየት አንዱን መሣሪያ ሁለት ሥራ ያሻማዋል፤ ዓይን ንድፉን ሲመረምር ጆሮ ማብራሪያውን ከሰማ ግን ሁለቱ ረዳቶች ሥራውን ይካፈላሉ። ንድፉን በሰሌዳ ላይ ነድፎ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየነካ በቃል የሚያስረዳ መምህር ይህን ግኝት ሳይሰማ ሲሠራበት ኖሯል።

ለዚህ አሠራር ግን ወሰን አለው። ዌይን ሊሂና ስዌለር በ2011 እንዳሳዩት ማብራሪያው ረጅምና የተወሳሰበ በሆነ ጊዜ ውጤቱ ይገለበጣል፤ የሚበልጡት ያነበቡት ይሆናሉ። የተነገረ ቃል ያልፋል፤ ተማሪው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከእጁ ወጥቷል። የተጻፈው ግን በሰሌዳው ላይ ስለሚቆይ ተመልሶ ሊያየው ይችላል። አጭር ማብራሪያ ለጆሮ፣ ረጅሙ በንድፉ አጠገብ ለዓይን እንዲሆን የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው።